የኢዮብ ፔዳል፣ የእኔ ላፕቶፕ

ስለ ጊታር ድምፅ የሚከራከሩ ወንዶች ሲያጋጥሙኝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። በነፃ የሚታይ ቲያትር ነው። አንዱ «የብረቱ ፔዳል ሙቀት አለው» ይላል። ሌላው «ዲጂታል ነፍስ የለውም» ብሎ ይጨምርበታል። ሦስተኛው፣ በሕይወቱ ጊታር ይዞ የማያውቀው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን እየነቀነቀ «እሱማ ይለያል» ይላል። ምኑ ነው የሚለየው ብላችሁ ብትጠይቁት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ነው የሚሰማህ» ይላችኋል። ከሰው ደረት ጋር ማን ይከራከራል?

እኔም ድሮ እከራከር ነበር። ያቆምኩት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ምሕረት እባላለሁ። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምር ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ደግሞ ዜማውን የሚመራውን ሊድ ጊታር እጫወት ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ሙዚቃ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሲዘምር አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ዜማ ይስታሉ። ይሁንና የመጀመሪያ ጊታሬን የገዛልኝ እሱ ነው። «ሴት ልጅ ጊታር ምን ያደርግላታል?» ለሚሉት ጎረቤቶች «እኔ እንጃ፤ ስትችልበት ትነግረናለች» እያለ ይመልስላቸው ነበር።

መዘምራኑ አልበም ሊያስቀርጹ ነበር። በእያንዳንዱ መዝሙር ላይ ያለው የጊታር ዜማ ከእኔ እጅ የወጣ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎቹ የት እንደሚተነፍሱ፣ ወንዶቹ የት እንደሚገቡ እያሰብኩ የሠራሁት ነው። ጉራ ከመሰላችሁ ይምሰላችሁ። የሠራሁትን ሠራሁ ለማለት የማፍርበት ዕድሜ አልፎኛል። ያ አልበም ላይ መጫወት ከምንም ነገር በላይ እፈልግ ነበር።

ቀረጻው ሲቃረብ ኢዮብ ከደቡብ አፍሪካ መጣ።

አገራችንን ለማታውቁ ላስረዳ። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ነው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው፤ የሄዱበትን መንገድ መከራ ስለማውቅ በእሱ አልቀልድም። የምቀልደው በእኛ ነው፣ እዚህ ቀርተን በምንሰማው። ከጆሃንስበርግ የተመለሰ ሰው ስለ ሱቅ ቢያወራ፣ ስለ ጋብቻ ቢያወራ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ቢያወራ አፋችንን ከፍተን እናዳምጠዋለን። ባለፈው ዓመት ሲም ካርድ ሲሸጥ የነበረ ልጅ ዘንድሮ የሁላችን አማካሪ ይሆናል። ኢዮብም ከነጃኬቱ፣ ከነጊታሩና በፎጣ ከተጠቀለለች አንዲት ፔዳል ጋር መጥቶ አማካሪያችን ሆነ።

ነገሩ ሁሉ በዚያች ፔዳል ስለሆነ ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ኦቨርድራይቭ የሚባለው የጊታርን ንጹሕ ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር ነው፤ ሰው ከልቡ ሲጮኽ ጉሮሮው እንደሚሻክረው። ፔዳሏ በእግር የምትረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። ውስጧ ያለው ሰርኪት የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ድምፅ ይሻክራል፣ ይረዝማል። በቃ ይኸው ነው። እኔ ይህንኑ ሥራ የማሠራው ላፕቶፔን ነበር። ጊታሬን በሳውንድ ካርድ አድርጌ ላፕቶፑ ላይ እሰካዋለሁ፣ ፕሮግራሙ የፔዳልን ሥራ በስሌት ይሠራል፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ ስፒከር ይሄዳል። ለዓመታት እንዲህ ስጫወት ማንም ምንም አላለኝም።

ኢዮብ የመጀመሪያ ልምምዱ ላይ እጁን አጣምሮ ሰማኝና ስጨርስ ወደ እግሬ አየ።

«እህት ምሕረት፣ ፔዳልሽ የታለ?»

«ላፕቶፑ ውስጥ ነው።»

«ሶፍትዌር ነው?»

«አዎ።»

«እ… ለካ ለዚህ ነው።»

«ምኑ?»

«አይ፣ ምንም። የሆነ ነገር ሲጎድል ተሰምቶኝ ነው።»

ከዚያች ቀን በፊት ማንንም ምንም አልጎደለውም ነበር። በሳምንቱ ግን ሁሉንም ይጎድላቸው ጀመር። ኪቦርድ ተጫዋቹ «እውነት ነው፣ ትንሽ ይደርቃል» አለ። ከበሮ መቺው «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል» አለ፤ እሱ እኮ ከራሱ ሲምባል ሌላ ነገር የሚሰማው ጆሮ ካጣ ቆይቷል። ኢዮብ በበኩሉ ፎጣውን ይፈታና ፔዳሏን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ያሳያቸዋል። «ኦሪጅናል ናት» ይላል። ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ኦሪጅናል ያልሆነ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጫማው ኦሪጅናል ነው፣ ቻርጀሩ ኦሪጅናል ነው፣ ሽቶው ኦሪጅናል ነው። ያም ሆኖ ቃሉን በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

የመዘምራኑ መሪ ወንድም ማርቆስ ይባላል። የከምባታ፣ የአንጋጫ ልጅ ነው፣ ትሑት ነው፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ነው። ከራሱ ሐሳብ በቀር ሁሉ ነገር አለው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ። «የኮምፒውተሩ ድምፅ ቅባት ይጎድለዋል።»

ቅባት የምንለው እግዚአብሔር በአገልጋይ ላይ የሚያፈሰውን ጸጋ ነው። ሰው ሲዘምር ጉባኤው ሁሉ ካለቀሰ ቅባት አለው እንላለን።

«ወንድም ማርቆስ፣ ቅባቱ የሚወርደው በሰው ላይ መስሎኝ።»

«እሱማ ነው። ግን ማሽን ላይ አይወርድም።»

«የኢዮብ ፔዳልስ? ከብረትና ከሽቦ አይደለም እንዴ የተሠራው?»

ትንሽ አሰበ። ሲያስብ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሱ እኮ ኦሪጅናል ነው» አለኝ።

ወሬው ወደ ሽማግሌዎች ደረሰ፤ ቀረጻው ላይ ሊድ ጊታሩን ኢዮብ ይጫወተው ወይስ ምሕረት የሚል ጥያቄ ሆኖ መጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢዮብ ዜማዎቹን ገና አያውቃቸውም። ለነገሩ መጥፎ ተጫዋች አይደለም፤ ጣቶቹ ፈጣን ናቸው። በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ሁላችንም ባለንበት እየሳቀ ፔዳሏን ከነፎጣዋ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ውሰጃት» አለ። «ኮምፒውተርሽ ይቅዳታ እስቲ! ከቻለ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አመስግኜ ወሰድኳት። ሰውየው የማይቻል ነገር ያዘዘኝ መስሎታል፤ የሰጠኝ ግን የቤት ሥራ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላፕቶፑ የተለያየ ድምፅ ወደ ፔዳሉ ትልካላችሁ፤ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ፣ የሚያፏጭ፣ የሚያጉረመርም። ከፔዳሉ የወጣውን መልሳችሁ ትቀዳላችሁ። ፕሮግራሙ የገባውንና የወጣውን እያነጻጸረ ፔዳሉ በድምፅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይማራል። የተማረው ግን የፔዳሉ ማዞሪያዎች ያኔ ያሉበትን ቦታ ብቻ ስለሆነ ቦታውን በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ማስተማር ነው። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፉጨቱ ሲበዛ አባቴ ጋዜጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምንድነው ይሄ ጩኸት?»

«ላፕቶፑ የኢዮብን ፔዳል እያጠና ነው።»

«ፈተና አለበት?»

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው አልረብሸውም» ብሎ በሩን ዘጋልኝ።

ሲያልቅ ሁለቱን እያቀያየርኩ ሰማኋቸው። ልዩነት የለም አልላችሁም። የጊታሩን ድምፅ በጣም ስቀንሰው እውነተኛዋ ፔዳል ቶሎ ትጠራለች፣ ቅጂዋ ትንሽ ትዘገያለች። እኔ የሠራሁት ስለሆንኩ፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ደቅኜ፣ የምፈልገውን አውቄ ስፈልገው ይሰማኛል። ከበሮና ኪቦርድ እየጮኸ፣ ሃያ ሰው እየዘመረ ያንን እሰማለሁ የሚለኝን ሰው ግን በአክብሮት ጆሮውን እንዲያስመረምር እመክረዋለሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። መዘምራኑ ሁሉ አሉ። ከሽማግሌዎች የመዘምራን ጉዳይ የሚመለከታቸው መጥተዋል፤ ሰብሳቢው ጋሽ ሳሙኤል ናቸው፣ አባቴም አብሯቸው ተቀምጧል። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዙሩ። ጊታሩ አንድ ይሁን፣ ስፒከሩ አንድ ይሁን። እጅ እንዳይለያይ ኢዮብ ራሱ ሁለቱንም ጊዜ ይጫወት። ወንድም ማርቆስ ኬብሉን አንዴ ፔዳሏ ላይ፣ አንዴ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። የሚሰሙት የትኛው እውነተኛው እንደሆነ እጅ ያውጡ።

«ጥሩ ነው፣ ፍትሐዊ ነው» አሉ ጋሽ ሳሙኤል። ሁሉም ወንበራቸውን አዞሩ። ከዚያ ጋሽ ሳሙኤል ቆመው ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ የመለየትን ጸጋ ስጠን» ብለው ለመኑ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ለአንዲት ሳጥን።

ኢዮብ ተጫወተ። ማርቆስ ቀየረ። ኢዮብ ያንኑ ደግሞ ተጫወተ።

ከሶፕራኖዎቹ አንዷ ታደለች ናት፤ ክንዷን እያሻሸች «ሁለተኛው! ፀጉሬ ቆመ» አለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ሁለተኛው ነው፤ ያኛው ደረቅ ነው» አለ። ከበሮ መቺው ሁለተኛው። ጋሽ ሳሙኤል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሁለተኛው ይነካል» አሉ። አባቴ ብቻ «እኔን አትቁጠሩኝ፤ ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሰማውን የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

«ሁለተኛው የቱ ነበር ማርቆስ?» አሉ ጋሽ ሳሙኤል ዞር ብለው።

ማርቆስ ኬብሉን እንደያዘ ላቡን ጠረገ።

«የ… ላፕቶፑ ነው።»

እንደገና ይሁን ተባለ። እንደገና ሆነ። ቅደም ተከተሉ ተቀይሮም ላፕቶፑን መረጡ። ነገሩ ተአምር አይደለም። የአዳራሹ ሶኬት የመሬት ሽቦ ስለሌለው በአዳፕተር የምትሠራው ፔዳል ትንሽ ታጉረመርማለች፤ ላፕቶፑ በባትሪ ነው የሚሠራው፣ ጸጥ ያለ ነው። ሕይወት፣ ሙቀት፣ ቅባት ያሉት ነገር ጉርምርምታ አለመኖሩ ነበር። አልነገርኳቸውም። ቢነገራቸውም ለደረታቸው አይገባውም።

ኢዮብ ግን ፊቱ ተቀያይሮ ተነሣ።

«የኔን ድምፅ እኮ ነው! ከኔ ፔዳል ነው የሰረቀችው!»

«ኢዮብ፣ ኮምፒውተርሽ ይቅዳት ብለህ በእጄ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ሁሉም ነበሩ።»

«ለቀልድ ነበር!»

እንግዲህ ተመልከቱ። ከምሳ በፊት ድምፄ ሐሰተኛ ነበር፣ ከምሳ በኋላ ሌባ ሆነ። ደስ ግን አለኝ፤ አልዋሽም፤ ልቤ እየዘለለ ነበር። ነገሩ ያለቀ መስሎኛል። አልበሙ ላይ ስጫወት፣ መዝሙሮቹ በየባጃጁ ሲከፈቱ፣ አባቴ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ነካ አድርጎ «ይቺ ልጄ ናት» ሲል ታየኝ። ሽማግሌዎቹ ጥግ ላይ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ። አባቴን አላማከሩትም፤ አባቷ ነህ ብለው ይሆናል። ጋሽ ሳሙኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው ቆሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥያቄው ተመልሷል። የኮምፒውተሩ ድምፅ ጥሩ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ቀረጻው ላይ ወንድም ኢዮብ በላፕቶፑ ይጫወታል።»

የሰማሁት አልገባኝም።

«አንቺ ደግሞ ልጄ» ቀጠሉ፣ «በኮምፒውተር ጎበዝ ነሽ። አጠገቡ ተቀምጠሽ ድምፁን ታስተካክይለታለሽ። ዜማዎቹንም ታሳይዋለሽ።»

ማርቆስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ማሽን ላይ ቅባት አይወርድም ያለኝ ሰውዬ! ማሽኑ በአንድ ከሰዓት ጸደቀ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ክርክሩ ስለ ድምፁ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር እንጂ። ተፈታ።»

«ታዲያ ድምፁ የኔ ከሆነ፣ ዜማው የኔ ከሆነ፣ ኢዮብ ምን ጨመረ?»

«ለሰላም ብለሽ፣ ልጄ።»

«አልበሙ ቪዲዮም አለው እኮ» አለ ማርቆስ ቀስ ብሎ። «ሰው ያየዋል።»

«ሰው ምን ያያል ወንድም ማርቆስ?»

ኬብሉን መጠቅለል ጀመረ። የተጠቀለለውን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር ወለል ብሎ የታየኝ። ፔዳሉም፣ ሙቀቱም፣ ነፍሱም፣ ቅባቱም፤ ሁሉም ፊት ለፊት ሊሉኝ ያፈሩት አንድ ነገር መሸፈኛ ነበሩ። ወንድ ቢሆኑ ኖሮ ፊት ለፊት ይሉኝ ነበር።

«እሺ» አልኩ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እንደገና ፊታችሁን አዙሩ። አሁን ላፕቶፑ አንድ ነው፤ እኔና ኢዮብ ያንኑ መዝሙር ተራ በተራ እንጫወት። ማን መሆኑን ሳታዩ ምረጡ። እሱን ከመረጣችሁ አጠገቡ ተቀምጬ አስተካክልለታለሁ።»

«አያስፈልግም» አሉ ጋሽ ሳሙኤል።

«ለፔዳሉ አዙራችሁ ነበር እኮ።»

«ያ የዕቃ ጉዳይ ነው። ይሄ የሰው ነው። በወንድምና በእህት መካከል ውድድር ጥሩ መንፈስ አያመጣም። በሉ፣ አሜን ብለን እንዝጋው።»

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አሜን ብለን እንዝጋው ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሁሉም አሜን ይላል፣ ከዚያ በኋላ መናገር አመፅ ይሆናል። መዘምራኑ አሜን አሉ። ታደለች አሜን አለች፣ ወደ መሬት እያየች። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። የአባቴ ድምፅ ግን አልተሰማም፤ እሱ አሜን ሲል ከግቢ ውጭ ይሰማል።

«ኤርሲዶ?» አሉ ጋሽ ሳሙኤል ወደ አባቴ ዞረው።

አባቴ ተነሣ። መቀመጫውን አነሣው። ሁሉም የሚወጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

«እኔ ገና አልሰማሁም» አለ ለግድግዳው። «ተጫወቱ።»

ኢዮብ ወደ ጋሽ ሳሙኤል አየ፣ ጋሽ ሳሙኤል ወደ ማርቆስ አዩ፣ ማርቆስ ወደ ኬብሉ። በመጨረሻ ኢዮብ እልህ ይዞት ይመስለኛል ጊታሩን አነሣ። ስለዚህ አከብረዋለሁ፤ ከነሱ ሁሉ የተሻለ ነው። ተጫወተ። ፈጣን ነው፣ ኖታ አልሳተም። ግን መሐል ላይ ሶፕራኖዎቹ ረጅሙን ስንኝ ጨርሰው አየር የሚስቡበት ቦታ አለ፤ ጊታሩ እዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል፣ ከዚያ ይገባል። ኢዮብ አልጠበቀም። ባዶ ቦታ መስሎት በጣቶቹ ሞላው።

ጊታሩን ተቀበልኩት። የመጀመሪያዋን ኖታ አበላሸኋት። ቀጠልኩ። ያ ቦታ ላይ ስደርስ እጄን ገመዶቹ ላይ አሳርፌ ጠበቅኩ። ከኋላዬ ታደለች አየር ስትስብ ሰማኋት። የሚዘምር ሰው አልነበረም፤ ዝም ብሎ ልማድ ሆኖባት ነው። ገባሁ፣ ጨረስኩ።

«ሁለተኛው» አለ አባቴ ሳይዞር። «ልጄ ናት።»

ጋሽ ሳሙኤል ሳቅ አሉ። «ኤርሲዶ፣ አባት ልጁን ቢያውቅ ምን ይገርማል?»

አባቴ ተነሥቶ ዞረ። ሲናደድ የሚመጣለት ሀዲይኛ ስለሆነ መጀመሪያ በእሱ ተናገረ። ከዚያ ማርቆስና ሌሎቹ የከምባታ ልጆች አልሰማንም እንዳይሉ ያንኑ በአማርኛ ደገመው።

«አዎ፣ አውቃታለሁ። ሙዚቃ አላውቅም። እሷን ግን ቤቴ ስትለማመድ ስሰማት ነው የኖርኩት። እናንተም በየሳምንቱ ሰምታችኋታል። ፊታችሁን ብታዞሩ ኖሮ እናንተም ታውቋት ነበር። ያላዞራችሁትም ለዚህ ነው።»

ስብሰባው ያለ አሜን ተበተነ። አባቴና እኔ በእግራችን ወደ ቤት ሄድን። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሰፈራችን ስንደርስ «ላፕቶፑ ግን ፈተናውን አለፈ አይደል?» አለኝ።

«አለፈ።»

«ፈታኞቹ ናቸዋ የወደቁት» አለ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ታሪኩ በአባቴ ንግግር ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። በሌላ ቀን አባቴ ያልተጠራበት ስብሰባ አድርገው እዚያ አሜን አሉ። ኢዮብ ቀረጸ። የፔዳሉን ቅጂ ለምነው ማርቆስን ላኩብኝ፣ በፍላሽ ሰጠሁት። አባቴ ተናዶ «ለምን ሰጠሻቸው?» ብሎኝ ነበር። ምን ላድርገው? እኔ የምፈልገው መጫወት ነበር፤ ስለ ሳጥን ለተከራከሩት ሳጥናቸውን ሰጠኋቸው። ከመዘምራኑ ወጣሁ። አባቴ ሽማግሌነቱን አልተወም። «ልተውላቸው እንዴ?» ይላል። አሁንም አሜን ከመባሉ በፊት እጁን አውጥቶ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ስብሰባ አስረዛሚ የሚል ስም ወጥቶለታል።

እኔ ዛሬ በቤታችን አንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። ከዱራሜ፣ ከጊምቢቹ፣ ከሙዱላ ሳይቀር መዘምራን ይመጣሉ፣ እቀርጻለሁ፣ ጊታርም እጫወትላቸዋለሁ። ማስተማሩን ትቼዋለሁ። ያ ቅዳሜ ባይኖር ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ያችው አዳራሽ ውስጥ ሆኜ ስለ ሰርኪት ላስረዳቸው እሞክር ነበር። አሁን እውነተኛ ፔዳሎችም አሉኝ፣ ቅጂዎችም አሉኝ፤ እጄ የቀረበውን እጠቀማለሁ። ጊታረኞች መጥተው «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ሲሉኝ የቱም ቢሆን አዎ እላቸዋለሁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይሰማል!» ይሉኛል። ይሰማቸው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሥራችሁን ሰምቶ «የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ቢላችሁና የጎደለው ምን እንደሆነ ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ የጎደለውን ፍለጋ ሌት ተቀን አትድከሙ። ፊቱን አዙሮ እንዲሰማችሁ ጠይቁት። ካዞረ ቁጭ ብላችሁ ተከራከሩት፣ ሊያስተምራችሁም ይችላል። ካላዞረ ዕቃችሁን ሰብስቡ። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ፔዳል መቅዳት ነበረብኝ።

አልበሙ ወጥቷል። ባጃጅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ ቆንጆ ነው፤ መቼም እኔ የሠራሁት ነው። ያ የመተንፈሻ ቦታ ሲደርስ ግን ጊታሩ ዘሎ ይገባና ሶፕራኖዎቹ ስንኙን ሳይጨርሱ ይቆረጣሉ። በየመዝሙሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ታደለችን ገበያ አገኘኋት። ተሳሳምን፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቅን፣ ከዚያ ስለ አልበሙ አነሣሁባት።

«ኧረ ተዪኝ እህት ምሕረት» አለች። «ስቱዲዮ ውስጥ መተንፈሻ አጥተን ልንሞት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁትም?»

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አሜን ብለን ነበር እኮ!»